የኮምፒውተርን ሰዓት ማመሳሰል፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማዘጋጀት እስከ ማረጋገጥ

ሰዓት የሚያመሳስል ሶፍትዌር፣ ክሮኒም ይሁን ኤንቲፒዲ ወይም የዊንዶውስ ታይም አገልግሎት፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ራሱ አይቆጥርም። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ነው፤ ሶፍትዌሩ በኔትወርክ ካሉ ሰርቨሮች ጋር ተነጋግሮ ስህተቱን ካሰላ በኋላ ይህን ያህል እንዲያፈጥነው ወይም እንዲያዘገየው ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ ይህን ጥያቄ የሚቀበልበት መንገድ ከሌለው፣ ወይም ጊዜ የሚቆጥርበት ሃርድዌር የማይታመን ከሆነ፣ የሰርቨሮችን ዝርዝር መቀያየር ምንም ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሰው ግን ሰዓቱ አልስተካከል ሲለው በመጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ሥራውን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መጀመር ይሻላል፤ የሚከተሉት ደረጃዎችም በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፉ ናቸው።

የትእዛዞችና የፋይሎች ስም እዚህ የተጻፈው በአነባበቡ ነው፤ በትእዛዝ መስኮት ውስጥ ሲገባ በላቲን ፊደል ይጻፋል።

ከርነሉ ሊሰጥ የሚገባው

በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኳርትዝ ክሪስታል የተነደፈለትን ፍጥነት በትክክል ጠብቆ አይንቀጠቀጥም፤ ሙቀትና ዕድሜ ይለዋውጡታል። በአንድ ሚሊዮን ሰከንድ ውስጥ 50 ሰከንድ የሚዛነፍ ክሪስታል፣ ማለትም በሚሊዮን 50 የሚሳሳት፣ በቀን 4.3 ሰከንድ ያህል ይቀድማል ወይም ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ስህተት ለማረም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደ ትክክለኛው ቦታ ማዝለል ሲሆን ሁለተኛው ሰዓቱ ሳይቋረጥ በጥቂቱ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ እያደረጉ ቀስ በቀስ ማቃናት ነው። በሥራ ላይ ባለ ኮምፒውተር ሰዓትን ወደ ኋላ ማዝለል ከባድ ጉዳት ያስከትላል፦ በዳታቤዝ ውስጥ በኋላ የተመዘገበው ቀድሞ የተመዘገበ ይመስላል፣ የሎግ ቅደም ተከተል ይፋለሳል፣ በሰዓት ላይ የተመሠረቱ ፕሮግራሞች አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ያከናውናሉ። በመሆኑም ጥሩ ሶፍትዌር የሚመርጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ይህ ግን ያለ ከርነሉ ትብብር አይሆንም።

የጥንቱ የዩኒክስ ጥሪ አድጅታይም ይባላል። የሚቀበለው የሰዓቱን ስህተት ብቻ ነው፤ የክሪስታሉን ፍጥነት ስለማያርም ስህተቱ ተስተካክሎ ሳያበቃ አዲስ ስህተት መጠራቀም ይጀምራል። ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሰዓት የሚያመሳስሉበትን ኤንቲፒ የተባለ ደንብ የፈጠረው ዴቪድ ሚልስ በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የከርነል ሞዴል ግን ከርነሉ ራሱ የፍጥነት እርማቱን እንዲይዝና ሶፍትዌሩ ቢቆምም በዚያው እርማት እንዲቀጥል ተደረገ። የዚህ ሞዴል መግቢያ ኤንቲፒ አድጅታይም የሚባለው ጥሪ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ተመሳሳዩ አድጅታይምኤክስ ይባላል። በዚህ መንገድ የሚታዘዘው የፍጥነት እርማት ቢበዛ በሚሊዮን 500 ነው። ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል፦ በዚህ ፍጥነት 1 ሰከንድ ለማቃናት 2000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ33 ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሰዓት ስህተት ግን 83 ቀናት ይፈጃል። ትልቅ ስህተት በኮምፒውተሩ መነሻ ላይ በዝላይ፣ ትንሹ ደግሞ ከዚያ በኋላ በማቃናት እንዲታረም የሚደረገው በዚሁ ስሌት ነው። ሊኑክስ ከዚህም በላይ የምቱን ርዝመት እስከ 10 በመቶ መለወጥ ስለሚፈቅድ ክሮኒ በላዩ ላይ ሲሠራ በጣም ፈጥኖ ሊያቃና ይችላል።

ሲስተሞቹ በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። ሊኑክስ፣ ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ሙሉውን ሞዴል ይደግፋሉ። ኦፕንቢኤስዲ የራሱ የሆነ አድጅፍሪክ የተባለ ጥሪና ኦፕንኤንቲፒዲ የተባለ ሶፍትዌር አለው። ማክኦኤስ ኤንቲፒ አድጅታይምን ያገኘው በ2017 ከወጣው ሃይ ሲየራ ጀምሮ ነው። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ እስከ ዊንዶውስ 8 ድረስ ተራ ፕሮግራም የሚያነብበው የሲስተም ሰዓት በተለመደው ሁኔታ በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ብቻ ይለወጥ ነበር፤ በ2012 ጥራት ያለው የንባብ ጥሪ፣ በ2016 ደግሞ ጥራት ያለው የፍጥነት ማስተካከያ ጥሪ ተጨመረ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 በተመቸ ኔትወርክ ላይ እስከ 1 ሚሊሰከንድ የሚደርስ ትክክለኛነትን የሚደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በነበረ እትም ላይ ይህን ትክክለኛነት መጠበቅ ድካም ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሲስተሙን ማሻሻል ይገባል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን የሚነካ ሌላ ሶፍትዌር አለመኖሩን ያረጋግጡ

አንድን ሰዓት ሁለት ሶፍትዌሮች ሲያስተካክሉት አንዱ ያፈጠነውን ሌላው ያዘገየዋል፤ የሁለቱም ስሌት የሚነሳው ሰዓቱን እኔ ብቻ ነኝ የምነካው ከሚል ግምት ስለሆነ ሁለቱም ይሳሳታሉ። በሊኑክስ ላይ ታይምዴትሲቲኤል የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱና የኤንቲፒ አገልግሎት ገባሪ መሆኑን የሚናገረውን መስመር ይመልከቱ። ቀጥሎም በሲስተምሲቲኤል አማካይነት ሲስተምዲ ታይምሲንክዲ፣ ክሮኒዲና ኤንቲፒዲ እየሠሩ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ። ከአንድ በላይ ከተገኘ የማይፈለገውን ያስቁሙ፤ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሳ ተመልሶ እንዳይጀምርም ያግዱት። ማስቆም ብቻውን አይበቃም። በፕሮግራም መርሐ ግብር በየሌሊቱ የሚሠራ የድሮ ኤንቲፒዴት ትእዛዝ ካለም ይሰርዙት፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ማን እንዳስቀመጠው ሳይታወቅ ለዓመታት የሚቆይ ነውና ፍለጋው ላይ አይቸኩሉ።

ደረጃ 2፦ ከርነሉ ጊዜ የሚቆጥርበትን ሃርድዌር ይመርምሩ

በሊኑክስ ላይ ይህ ሃርድዌር ክሎክሶርስ ይባላል። በሲስ ስር፣ ዲቫይስስ፣ ሲስተም፣ ክሎክሶርስ፣ ክሎክሶርስ0 በሚል ተከታታይ ፎልደር ውስጥ ከረንት አንደርስኮር ክሎክሶርስ የተባለውን ፋይል በካት ትእዛዝ ያንብቡ። በዛሬ ዘመን የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ቲኤስሲ (የፕሮሰሰሩ የራሱ ቆጣሪ) የሚል መልስ ይጠበቃል፤ በኬቪኤም ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር በተፈጠረ ኮምፒውተር፣ ላይ ኬቪኤም ክሎክ ሊል ይችላል። መልሱ ከሌሎቹ ቆጣሪዎች አንዱ፣ ኤችፒኢቲ ወይም ኤሲፒአይ ፒኤም፣ ከሆነ ከርነሉ ቲኤስሲን አምኖ አልተቀበለውም ማለት ነው፤ እነዚህ ለማንበብ የሚዘገዩ ስለሆኑ ሥራ የበዛበትን ሰርቨር ፍጥነትም ይቀንሳሉ። ምክንያቱን ለማወቅ በዲሜሰጅ የሚታየውን የከርነል ሎግ ከፍተው ቲኤስሲ የማይረጋ ሆኖ መፈረጁን የሚናገር መስመር ይፈልጉ። ሁኔታው ከማዘርቦርዱ ባዮስ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ባዮሱን ማሻሻል ይሞከራል። ቲኤስሲን በከርነል መነሻ አማራጭ በግድ ማስመረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ከርነሉ ያለ ምክንያት አልጣለውምና ይህን መንገድ አልመክርም።

ደረጃ 3፦ ሶፍትዌሩ ሰዓቱን ለመንካት ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ

በሊኑክስ ላይ ሰዓት ለመለወጥ ካፕ ሲስ ታይም የተባለው ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮንቴይነሮች፣ ማለትም በአንድ ማሽን ከርነል ላይ ፕሮግራሞች ተለይተው የሚሠሩባቸው ክፍሎች፣ በተለመደው አሠራራቸው ይህ ፈቃድ የላቸውም፤ በኮንቴይነር ውስጥ ክሮኒን ሲያስነሱ አድጅታይምኤክስ አልተፈቀደም የሚል የስህተት መልእክት ሰጥቶ የሚቆመው ለዚህ ነው። መፍትሔው ፈቃዱን መስጠት አይደለም። ኮንቴይነሩ የሚያየው ሰዓት የዋናው ማሽን ሰዓት ስለሆነ ሶፍትዌሩን በዋናው ማሽን ላይ መጫን በቂ ነው። በ2020 በከርነል 5.6 የተጨመረው ታይም ኔምስፔስ፣ ማለትም ለኮንቴይነር የተለየ ሰዓት የሚሰጠው ዘዴም፣ ይህን አይለውጠውም፤ የሚነካው ማሽኑ ከተነሳበት ጊዜ የሚቆጥሩትን ሰዓቶች ብቻ ነው፣ የቀን መቁጠሪያውን ሰዓት አይለይም። በኮንቴይነር ውስጥ ክሮኒን ለሌሎች ሰዓት እንዲያድል ብቻ ከፈለጉት ሰዓቱን እንዳይነካ የሚያዘውን የኤክስ አማራጭ ይጠቀሙ።

በፍሪቢኤስዲ ላይ የከርነሉን የደህንነት ጥብቀት የሚወስነው የሲኪዩርሌቭል መጠን 2 ወይም ከዚያ በላይ ከተደረገ ከ1 ሰከንድ የሚበልጥ የሰዓት ለውጥ ይከለከላል። ደህንነትን ለማጥበቅ ብሎ መጠኑን ከፍ ያደረገ አስተዳዳሪ ሰዓቱ ለምን እንደማይዘል ሲጨነቅ ይታያል። ሰዓቱ የሚዘለው መጠኑ ከፍ ከመደረጉ በፊት፣ በመነሻው ላይ መሆን አለበት፤ ለዚህም በአርሲ ኮንፍ ፋይል ውስጥ ኤንቲፒዲን የሚያስነሳው መስመር ላይ በመነሻ ጊዜ እንዲያመሳስል የሚያዘውን ኤንቲፒዲ ሲንክ ኦን ስታርት የሚለውን መስመር ይጨምሩ።

ቨርቹዋል ማሽኖች ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ማሽኑ ታግዶ ሲቀጥል ወይም ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወር ሰዓቱ በእግዱ ልክ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ቪኤምዌርና ሃይፐርቪ ይህን ለማረም የራሳቸው የሰዓት ማስተካከያ አላቸው፤ በውስጡ ክሮኒም ካለ በደረጃ 1 የተነሳው የሁለት እጅ ችግር ይፈጠራል። አንዱን ይምረጡ። በኬቪኤም ላይ የተሻለ መንገድ አለ፦ ፒቲፒ ኬቪኤም የተባለውን የከርነል ሞጁል ሲጭኑ በዴቭ ስር ፒቲፒ0 የተባለ መሣሪያ ይፈጠራል፤ ክሮኒ ይህን እንደ ሰዓት ምንጭ ሲወስደው የዋናውን ማሽን ሰዓት ኔትወርክ ሳይነካ በቀጥታ ያነብባል። ዋናው ማሽን በሚገባ ከተመሳሰለ ከዚህ የሚሻል ምንጭ ለቨርቹዋል ማሽን አይገኝም።

ደረጃ 4፦ ሶፍትዌሩን መርጠው ያዋቅሩ

ለሊኑክስ ምርጫዬ ክሮኒ ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ከ8ኛ እትሙ ጀምሮ ያስቀረው እርሱን ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ በሚቆራረጥበትና ኮምፒውተሩ በሚጠፋና በሚነሳበት ሁኔታም በደንብ ይሠራል። ሲስተምዲ ታይምሲንክዲ ለተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ሰርቨርን ብቻ ስለሆነ ያ ሰርቨር ቢሳሳት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሰርቨሮቹ ቁጥር አራት ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ሰርቨሮች ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ መለየት አይቻልም፤ ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ አንዱን ያጋልጣሉ፤ አራተኛው ደግሞ አንዱ ቢጠፋ ሦስት እንዲቀሩ ያደርጋል። ሶፍትዌሩ በሚነሳበት ጊዜ ቶሎ እንዲለካ በክሮኒ የቅንብር ፋይል ውስጥ ሰርቨር ከተጻፈበት ከእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ አይበርስት የሚለውን ቃል ይጨምሩ። የክሪስታሉ ዝንፈት የሚጻፍበት ድሪፍትፋይል መኖሩን፣ ሜክስቴፕ ከ1.0 እና 3 ጋር መጻፉን፣ አርቲሲሲንክ የሚለው መስመርም መኖሩን ያረጋግጡ። ሜክስቴፕ በዚህ መልክ ሲጻፍ ስህተቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርማቶች ውስጥ ብቻ ሰዓቱ እንዲዘል ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማቃናት ብቻ ነው። የእርማቶቹን ቁጥር ገደብ አጥፍቶ ሁልጊዜ እንዲዘል ማድረግ በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የኤንቲፒ ፓኬት በዩዲፒ ፖርት 123 ይሄዳል፤ ፋየርዎሉ ወደ ውጭ የሚሄደውንና መልሱን ይፍቀድ። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ኤንቲኤስ ለመጠቀም ደግሞ የቲሲፒ ፖርት 4460 ይከፈታል፤ ክሮኒ ከ4.0 ጀምሮ ይደግፈዋል። እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፦ ኤንቲኤስ የሰርተፍኬት ቀንን ያያል፣ ሰዓቱ በዓመታት የተሳሳተ ኮምፒውተር ግን ሰርተፍኬቱን ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ አድርጎ ይቆጥረዋል። በባትሪ የሚቆጥር ሰዓት በሌላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ለምሳሌ ከአምስተኛው በፊት በነበሩት ራስፕቤሪ ፓይዎች ላይ፣ ይህ በተደጋጋሚ ይከሰታል። ለእነዚህ ክሮኒን በኤስ አማራጭ ማስነሳት ይጠቅማል፤ የሚነበብ የሃርድዌር ሰዓት ካጣ የድሪፍትፋይሉ መጨረሻ የተጻፈበትን ጊዜ እንደ መነሻ ይወስዳል።

በዊንዶውስ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪነት ከፍተው ደብልዩ32ቲኤም በሚለው ትእዛዝ ላይ ኮንፊግ፣ ማኑዋልፒርሊስት፣ ሲንክፍሮምፍላግስ ማኑዋልና አፕዴት የሚሉትን አማራጮች በመስጠት ሰርቨሮቹን ያስገቡ፤ ቀጥሎ በሪሲንክ አማራጭ ያመሳስሉ። ለውጡ በጣም ትልቅ ነው የሚል መልስ ከመጣ ስህተቱ ከተፈቀደው ወሰን አልፏል ማለት ነው፤ በዶሜይን፣ ማለትም በአንድ ድርጅት ማዕከላዊ የዊንዶውስ አስተዳደር፣ ውስጥ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ይህ ወሰን 54000 ሰከንድ ወይም 15 ሰዓት ነው። ቀኑን በእጅ አቅርበው እንደገና ያመሳስሉ። በዶሜይን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ግን ሰዓቱን ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ስለሚወስድ ለብቻው የውጭ ሰርቨር አይስጡት፤ ከውጭ ጋር የሚገናኘው የፒዲሲ ኢሙሌተርነት ሚና ያለው ኮንትሮለር ብቻ ይሁን። የዶሜይኑ የመግቢያ ማረጋገጫ ዘዴ የሆነው ከርቤሮስ በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሆነ ልዩነትን አይቀበልምና የዚያ አንድ ማሽን ሰዓት መዛነፍ የሠራተኞችን ሁሉ መግቢያ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የማዘርቦርዱን ሰዓት ያስተካክሉ

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ በባትሪ የሚቆጥረው ሰዓት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ይቀመጥ። ዊንዶውስ በልማዱ የአካባቢውን ሰዓት ስለሚያስቀምጥ ሊኑክስና ዊንዶውስ በተጫኑበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገሩ ቁጥር ሰዓቱ በሰዓት ሰቁ ልዩነት ልክ ይዛነፋል። በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ሪያልታይምኢዝዩኒቨርሳል የተባለውን ዋጋ 1 ማድረግ ችግሩን ያስወግዳል። ሊኑክስ ከርነሉ መመሳሰሉን ሲያውቅ በየ11 ደቂቃው ወደዚህ ሰዓት ራሱ ይጽፋል፤ አርቲሲሲንክ የሚለው መስመር ያስፈለገው ይህን ለማስጀመር ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ያንብቡ

ክሮኒሲ ሶርስስ የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱ። ከአንደኛው ሰርቨር ስም በፊት የኮከብ ምልክት መታየት አለበት፤ ያ የተመረጠው ነው። የመደመር ምልክት ያለባቸው በስሌቱ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ የኤክስ ምልክት ያለበት ከሌሎቹ ጋር የማይስማማ ሐሰተኛ ተብሎ ተለይቷል። ሪች በሚለው ዓምድ 377 ከተጻፈ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሰዋል፤ ቁጥሩ በስምንት ቤት የተጻፈ ስለሆነ ከፍተኛው ይኸው ነው። ዜሮ ከሆነ ፓኬቱ አልደረሰም፤ ፋየርዎሉን ይዩ።

አሃዞቹ ከየት እንደሚመጡ በምሳሌ ማየት ንባቡን ያቀልላል። ኮምፒውተሩ በራሱ ሰዓት 10.000 ሰከንድ ላይ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ በእርሱ ሰዓት 10.070 ላይ ተቀብሎ 10.071 ላይ ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ መልሱን በራሱ ሰዓት 10.041 ላይ ያገኛል። ወደ ሰርቨሩ ሲሄድ የታየው ልዩነት 70 ሚሊሰከንድ፣ ሲመለስ የታየው 30 ሚሊሰከንድ ነው፤ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ኮምፒውተሩ 50 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የጉዞው ጠቅላላ ጊዜ ደግሞ 40 ሚሊሰከንድ ነው። ስሌቱ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ እኩል፣ እዚህ ላይ 20 እና 20፣ እንደሆነ ይገምታል። በእውነቱ 30 እና 10 ከነበረ የተገኘው ውጤት በ10 ሚሊሰከንድ የተሳሳተ ይሆናል፤ ይህን ስህተት ደግሞ በኮምፒውተሩ በኩል የሚሠራ ምንም ሶፍትዌር ሊያየው አይችልም። ቅርብ ሰርቨር መምረጥ የሚጠቅመው የስህተቱ ጣሪያ የጉዞው ጊዜ ግማሽ ስለሆነ ነው። የፓኬቱን መድረሻ ጊዜ የኔትወርክ ካርዱ ራሱ የሚመዘግብ ከሆነ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል፤ ካርዱ ይህን መቻሉን በኢትቱል ትእዛዝ በትልቁ ቲ አማራጭ ያረጋግጡና በክሮኒ ውስጥ ኤችደብልዩታይምስታምፕ የሚለውን መስመር ይጨምሩ።

ክሮኒሲ ትራኪንግ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የክሪስታሉን ዝንፈት ፍሪኩዌንሲ በሚለው መስመር ላይ ያሳያል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይህ ቁጥር ረግቶ ከሚሊዮን ጥቂት አሥሮች ውስጥ መገኘት አለበት። በመቶዎች ከሆነ፣ ወይም በኤንቲፒዲ ድሪፍትፋይል ውስጥ 500 ተጽፎ ከቆመ፣ ከርነሉ ሊያርመው ከሚችለው ወሰን ላይ ደርሷልና ጥፋቱ በክሎክሶርሱ ወይም በቨርቹዋል ማሽኑ አደረጃጀት ላይ ነው። በዊንዶውስ በደብልዩ32ቲኤም ኩዌሪና ስታተስ አማራጮች የሚታየው ምንጭ ሎካል ሲሞስ ክሎክ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከማንም ጋር አልተመሳሰለም፤ አገልግሎቱ እየሠራ ነው መባሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዩቲሲ ከመሬት መሽከርከር ጋር እንዲስማማ አልፎ አልፎ ስለሚገባው ተጨማሪ ሰከንድ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይገባም። ከ1972 ጀምሮ 27 ተጨማሪ ሰከንዶች ገብተዋል፤ የመጨረሻው የገባው በ2016 መጨረሻ ነው። በ2012 በገባው ጊዜ በሊኑክስ ከርነል የነበረ ስህተት የብዙ ሰርቨሮችን ፕሮሰሰር ያለ ሥራ አጨናንቆ ነበር። አንዳንድ ሰርቨሮች ሰከንዱን በ24 ሰዓት ውስጥ በትነው ያድላሉ፣ ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ያስገባሉ፤ ሁለቱን ዓይነት በአንድ ዝርዝር ውስጥ መቀላቀል በዚያ ዕለት እስከ ግማሽ ሰከንድ የሚደርስ አለመግባባት ስለሚፈጥር ዝርዝሩ ከአንድ ዓይነት ብቻ ይሁን።

በመጨረሻም ኮምፒውተሩን ዳግም አስነስተው ሁሉንም ንባብ ይድገሙ። ትክክለኛ ሰዓት የግድ የሚያስፈልጋቸው አገልግሎቶች፣ በተለይ ዳታቤዝ፣ የሊኑክስ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ሲስተምዲ ውስጥ ሰዓቱ መመሳሰሉን ከሚያመለክተው ታይም ሲንክ ታርጌት በኋላ እንዲነሱ ያዝዙ፤ ታርጌቱ በእርግጥ እስኪመሳሰል እንዲጠብቅም ክሮኒ ዌይት የተባለውን አገልግሎት ያስጀምሩ። ኔትወርኩ በሌለበት ሁኔታ አገልግሎቱ የጥበቃ ጊዜውን ጨርሶ ይወድቃል፤ ዳታቤዙ ያን ጊዜ ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚለውን አስቀድመው ወስነው በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ ይጻፉት።